የፊውዝ እናት መጥሪያ

ፊውዝ ያሉት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ስሙን ያወጡለት ኤሌክትሪክ ስለሚያውቅ እንዳይመስላችሁ፤ ቶሎ ስለሚቃጠል ነው። "እንዴት አደርክ?" ሲሉት "ምን ለማለት ፈልገህ ነው?" ብሎ ግንባሩን የሚቋጥር ሰው ነው። የሚሠራው የአሳንሰር ጥገና ነው። ሌላው ሰው መሬት ላይ ቆሞ የሚናደደውን እሱ በሁለት ፎቅ መካከል፣ ጨለማ ጉድጓድ ውስጥ ተንጠልጥሎ ይናደዳል። ገመዱን ይሰድባል፣ ሞተሩን ይሰድባል፣ በሩን በዕቃ የገጩትን ነዋሪዎች እስከ ዘር ማንዘራቸው ይሰድባል፤ ከዚያ መፍቻውን ያነሳና እንደ አዲስ አድርጎ ይሠራዋል።

በሥራው ማንም አያማውም። አንድ የማይሽረው ሕግ አለው፤ ጠግኖ ሲጨርስ መጀመሪያ የሚሳፈረው ራሱ ነው። በሩን ይዘጋና ብቻውን ከታች እስከ ላይ፣ ከላይ እስከ ታች ይመላለሳል። "እኔ ውስጡ ሆኜ ከሄደ ይሄዳል፤ አለቀ" ይላል። ሳይሳፈር "ጨርሻለሁ" የሚል ጠጋኝ ካጋጠመው በሰው ፊት ያዋርደዋል። ይህ ሕግ በሥራ ዘመኑ ሁሉ ከድቶት አያውቅም ነበር። የከዳው እቤቱ ነው፣ በገዛ እናቱ ክፍል ውስጥ።

እናቱ በደህናው ዘመን የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ። ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ደፍተው፣ ሰውን ከሰው ሲያገናኙ ነው የኖሩት። ፊውዝ ቱግ ማለትን ከማን እንደወረሰ ለማወቅ እሳቸውን አንድ ጊዜ ማስቆጣት ይበቃል። ጡረታ ከወጡ በኋላ ስትሮክ መታቸውና ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ። የግራ እጃቸው ጣቶች ደግሞ ቀድሞውንም በሪህ ተቆልምመው ስለነበር ስልክ መያዝ አይችሉም፤ መያዝ ቀርቶ ማንኪያም ያመልጣቸዋል። ምላሳቸው ትንሽ ተጎተተ እንጂ ነገረኝነታቸውን ማንም አልነካባቸውም። አልጋቸው መንገዱን በሚያየው መስኮት ስር ነው። ከዚያ ሆነው ማን ታክሲ እንዳመለጠው፣ ማን ከማን ጋር እንደታረቀ፣ የማን ልጅ ትምህርት ቤት እንደቀረ ያውቃሉ። "እኔ ከዚህ መስኮት የምነሳው ሬሳዬ ሲነሳ ነው" ብለዋል፤ ይህን ብለው ደግሞ ድጋሚ ተናግረው አያውቁም።

ፊውዝ ቀኑን ሙሉ ከተማ ለከተማ ሲዞር ነው የሚውለው። ስለዚህ ከአልጋቸው ጎን የመዳፍ ስፋት ያለው መጥሪያ ገጠመላቸው። በመዳፋቸው ሲገፉት የራስጌው መብራት ይበራል፣ ምድር ቤት ካለችው ልብስ ሰፊ ዘንድ ደወል ይጮኻል፣ የፊውዝም ስልክ ይጠራል፤ ሲያነሳው በራስጌው ድምፅ ማጉያ ይነጋገራሉ። ልብስ ሰፊዋ የቤቱ ቁልፍ አላት፤ ደወሉን ስትሰማ መቀሷን ጥላ ትወጣለች። ይህን ሁሉ የሚያስተባብረው ከአንድ ኩባንያ የተገዛ ነጭ ሳጥን ነበር። ሳጥኑ ግን በራሱ ምንም አያውቅም፤ መጥሪያው በተነካ ቁጥር ባሕር ማዶ ያለውን የኩባንያውን ኮምፒውተር "ምን ላድርግ?" ብሎ ይጠይቃል። ኩባንያው አንድ ቀን ይህ ሥራ አላዋጣኝም አለና ኮምፒውተሩን ዘጋው። "ውድ ደንበኛችን" የሚል መልእክት መላኩ አልቀረም፤ የላከው ግን ፊውዝ ከፍቶት ወደማያውቀው ኢሜይል ነበር።

በዚያን ቀን እናቱ ውሃ ጠማቸው። መጥሪያውን ገፉ፤ መብራቱ አልበራም። ደግመው ገፉ፣ ደጋግመው ገፉ። ከዚያ ራሳቸው ብርጭቆውን እደርስበታለሁ ብለው ከአልጋው ወደቁ። ልብስ ሰፊዋ ምሳ ልታቀምሳቸው ስትወጣ ጉንጫቸው ወለሉ ላይ ተጣብቆ አገኘቻቸው። ፊውዝ እየሮጠ ሲደርስ አላለቀሱም፣ አልተቆጡትምም።

"ደወልኩ፤ ማንም አላነሳም" አሉት።

ሰው ሲደውል አለማንሳት ለእሳቸው ምን ማለት እንደሆነ ፊውዝ ያውቃል። ሳጥኑን ከግድግዳው ነቀለና ወለሉ ላይ ፈጠፈጠው። ተረከዙን አነሳና ደገመው። አልበረደለትም።

ታላቅ እህቱ በማግስቱ ከምትኖርበት ከተማ መጣች። ትልቅ ሻንጣ ይዛለች፤ ስታስቀምጠው ድምፁ ባዶ መሆኑን ነገረባት። ፊውዝ ይህን ሲሰማ ደሙ ፈላ።

"ይዣት እሄዳለሁ" አለች፣ ገና ሳትቀመጥ።

"ወዴት? እዚያ የጓሮ ክፍልሽ ውስጥ? መስኮቱ እኮ የሚያየው ግንብ ነው!"

"ግንብ እያዩ ማርጀት ወለል ላይ ከመጋደም ይሻላል።"

እናታቸው ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። እህትየው ይህን አየችና ድምጿን ቀነስ አደረገች። "እሺ፣ እስከ እሁድ እቆያለሁ። ይሄ መጥሪያህ አንተ በሌለህበት፣ እኔ እያየሁ፣ ሰው ከጠራ ትቆይ። ካልሆነ ግን እንዳትለምነኝ።"

ፊውዝ ከሥራው ፈቃድ ጠየቀ። መጥሪያው ደህና ነው፣ አምፖሉ ደህና ነው፣ ደወሉም ደህና ነው፤ የሞተው ሦስቱን የሚያዘው አእምሮ ነው። ኢንተርኔት ላይ ሲያስስ ብዙ ሰዎች ተባብረው የሠሩት፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር አገኘ። የቤት ዕቃውን ሁሉ እዚያው ቤት ውስጥ ሆኖ ያዛል፤ ባሕር ማዶ ማንንም አይጠይቅም። "ማንም ሊዘጋብህ አይችልም" ይላል ጽሑፉ። ፊውዝን የያዘችው ይህች ዓረፍተ ነገር ናት።

ኮምፒውተር አለው፤ መሥሪያ ቤቱ ሊጥለው ሲል ያነሳው አሮጌ ዴስክቶፕ። ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት ጭኖበት የአሳንሰር ንድፍ ያይበታል። ከመጥሪያው ጋር በሬዲዮ የምትነጋገረው ፍላሽ የምታክል ዕቃ ከሩቅ ስለማትሰማ፣ ኮምፒውተሩን ተሸክሞ እናቱ ክፍል፣ ከአልጋው ግርጌ ባለው ጠረጴዛ ላይ አኖረው። ወንበሩን ሳበና ጀርባውን ለአልጋው ሰጥቶ ተቀመጠ። መመሪያው ገና ከመነሻው "ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሆን ኮምፒውተር ብትመድብ ይመረጣል፤ ሰው በሚጠቀምበት ዴስክቶፕ ላይ ከጫንከው ራስህ ጠብቀው" ይላል።

"ራሴ ካልጠበቅኩት ማን ሊጠብቅልኝ ኖሯል? መንግሥት?" አለና ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፈተ።

በሁለት ጣቱ ነው የሚጽፈው። የመጀመሪያውን ትእዛዝ ጽፎ ሲጫን "ፈቃድ የለህም" አለው።

"ፈቃድ የለህም? በቤቴ? በጠረጴዛዬ? የገዛ መብራቴን እየቆጠርክ ፈቃድ የለህም?" ጩኸቱ መንገድ ድረስ ተሰማ። እህቱ ከወጥ ቤት ብቅ አለችና ምንም ሳትናገር ተመለሰች፤ አለመናገሯ ይበልጥ አናደደው። የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል አስገብቶ ፈቃዱን ለራሱ ሰጠ። ማውረድ ጀመረ፤ መሃል ላይ ኢንተርኔቱ ተቋረጠና ከመጀመሪያው ጀምር አለው። ከመጀመሪያው ጀመረ። ወረደ፣ ተጫነ፣ ተነሳ፤ በስክሪኑ ላይም የሚያምር ገጽ መጣ። ገጹ ላይ ግን መጥሪያው የለም። ያቺ የሬዲዮ ዕቃ ተሰክታለች፣ ትበራለች፤ ሶፍትዌሩ አላየኋትም ይላል። ነቀላት፣ ሰካት፤ በሌላ ቀዳዳ ሰካት፤ እፍ ብሎባት ሰካት። ተጠቃሚዎች የሚረዳዱበት መድረክ ላይ ገብቶ ጠየቀ። አንዱ "መመሪያውን አንብበሃል?" ብሎ መለሰለት። ፊውዝ የጻፈለትን መልስ እዚህ መድገም አይቻልም። መላኪያውን ሊጫን ሲል አጠፋውና ጥርሱን ነክሶ መመሪያውን እንደገና አነበበ። ኮምፒውተሩ ያቺን ቀዳዳ መንካት የሚፈቅድላቸው የታወቁ ተጠቃሚዎች አሉት ለካ፤ ፊውዝ ከነሱ ውስጥ የለም። ራሱን ጨመረ። አሁንም እምቢ አለው። ለካ ወጥቶ እንደገና መግባት ነበረበት። ይህንንም የተናገረ ሰው የለም፤ ወይም ተናግሮ ፊውዝ በንዴት ዘሎታል።

እናቱ ይህን ሁሉ ከጀርባው ሆነው ያያሉ። አንድ ጊዜ "ልጄ" አሉት። "ቆይ እማዬ፣ ቆይ!" አላቸው፤ ዞር አላለም።

አርብ ከሰዓት በኋላ መጥሪያው ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። ፊውዝ ከወንበሩ ሳይነሳ "ተጫኚ!" አለ። እናቱ ገፉት። መብራቱ በራ፣ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ተንቀጠቀጠ፣ ልብስ ሰፊዋም ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ደረጃውን ሮጣ ደረሰች። "ድጋሚ!" አለ። ድጋሚ ሠራ። እናቱን አሥር ጊዜ ያህል አስገፋቸው፤ በመጨረሻ ልብስ ሰፊዋ ከታች "እማማ ደህና ናቸው ወይስ እኔን ልታሳብዱኝ ነው?" ብላ ጮኸች። ፊውዝ ያኔ ነው የተነሳው። እሱ ውስጡ ሆኖ ሄዷል፤ ስለዚህ ይሄዳል፤ አለቀ።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ክሊኒክ አሳንሰሩ ቆሞበት ጠሩት። ከጉድጓዱ ግርጌ ገብቶ እጁ እስከ ክርኑ ቅባት ሲሆን ስልኩ ጮኸ። እህቱ ናት።

"መጥሪያህ ሞቷል።"

"ምን ማለት ነው ሞቷል?"

"ገፋች፣ መብራት የለም። ወርጄ ልብስ ሰፊዋን ጠየቅኋት፣ ደወል የለም። አንተስ፣ ስልክህ ጠራ?"

አልጠራም። በሽተኛ በደረጃ የሚሸከሙትን ሰዎች እርግማን ከኋላው እየሰማ ጥሎ ወጣ። እቤት ሲገባ ለማንም ሰላም ሳይል በቀጥታ ወደ ኮምፒውተሩ ሄደ። ማውሱን ነካ አደረገ፣ ስክሪኑ በራ፣ የይለፍ ቃሉን ጻፈ። "ምን ሆንክ አንተ?" አለው ለኮምፒውተሩ። "እማዬ፣ ተጫኚ!" ተጫኑ። መብራቱ በራ፣ ስልኩ ጠራ፣ ታች ደወሉ ጮኸ። ፊውዝ እህቱን ከእግር እስከ ራሷ አየት አደረጋት።

"ሲሠራ አይተሻል አይደል?"

"አሁን አይቻለሁ። ቅድም ግን አልሠራም።"

ወደ ክሊኒኩ ተመለሰ። የመሣሪያ ሳጥኑን ከፍቶ፣ የበሩን ሐዲድ ግማሹን እንደፈታ ያችው ስልክ፣ ያችው ድምፅ፦ "አሁንም ሞቷል።" ተመልሶ ሮጠ፣ ማውሱን ነካ፣ የይለፍ ቃሉን ጻፈ፣ "ተጫኚ!" አለ፤ መጥሪያውም እንደ ጨዋ ልጅ ሠራ። በዚህ ጊዜ የፊውዝ ዓይን ደም ለበሰ።

"ሶኬቱን እየነቀልሽ ነው!" አለ።

እህቱ መጀመሪያ አልገባትም። "እኔ?"

"ሌላ ማን አለ? እኔ ስኖር ይሠራል፣ እኔ ስወጣ ይሞታል። እቤቱ ውስጥ ያለሽው አንቺ ነሽ! ገና ስትመጪ ባዶ ሻንጣ ይዘሽ ነው የመጣሽው። አስበሽበት ነው!"

"የእናቴ ፊት ወለል ላይ ተጣብቆ መገኘቱን በስልክ የሰማሁ ሰው ነኝ" አለች እህቱ። "ባዶ ሻንጣ ይዤ ባልመጣ ምን ይዤ ልምጣልህ? ከረሜላ? አንተ በኮምፒውተር ትጫወታለህ፣ እኔ በየቀኑ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ ቀጥ ይላል። ሶኬት ነቀልሽ ትለኛለህ? እኔን?"

"አዎ አንቺን! እሷን ወስደሽ ሰው 'ልጅ ማለት እሷ ናት' እንዲልልሽ ነው የምትፈልጊው!"

ፊውዝ ራሱ ቃሉን ሊመልሰው ፈለገ፤ ግን ወጥቶ አልቋል። እህቱ ቁም ሣጥኑን ከፈተች፣ የእናታቸውን የሌሊት ልብስ አወጣችና ሻንጣው ውስጥ ማጠፍ ጀመረች። እንባዋ ልብሱ ላይ ይንጠባጠባል፤ አልጠረገችውም።

በዚህ መሃል መብራቱ በራ። ጠፋ። በራ። እናታቸው መጥሪያውን በመዳፋቸው እየደበደቡ ነው። ታች ደወሉ ያለማቋረጥ ይጮኻል፣ የፊውዝ ስልክ ኪሱ ውስጥ ይንዘፈዘፋል።

"ዝም በሉ ሁለታችሁም!" አሉ እናትየው። ምላሳቸው ቢጎተትም ቁጣቸው ጥርት ብሎ ተሰማ። "ሶኬቱን ማንም አልነቀለም። አንተ ስትወጣ ይተኛል።"

"ማን ነው የሚተኛው?" አለ ፊውዝ።

"ያ ወንድምህ ነዋ!" በአገጫቸው ወደ ኮምፒውተሩ ጠቆሙ። "አንተ ስትነካካው ፊቱ ላይ ያለችው ትንሿ መብራት ቀጥ ብላ ትበራለች። ትወጣለህ። ትንሽ ይቆይና ስክሪኑ ይጠፋል፤ ከዚያ መብራቷ ብልጭ ድርግም ማለት ትጀምራለች። ያኔ ብገፋ ባልገፋ አንድ ነው። ትላንት ማታም እንዲሁ ነበረ፣ ዛሬ ጠዋትም እንዲሁ ነው።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?" አለ ፊውዝ።

"ማን ጠየቀኝ?" እናትየው ከትራሳቸው ቀና ሊሉ ሞክረው አልቻሉም፤ አለመቻላቸው ይበልጥ አናደዳቸው። "ትገባለህ፣ 'ምን ሆንክ' ትለዋለህ፤ እሱን! ከእሱ ጋር ትጣላለህ፣ ከእሱ ጋር ትታረቃለህ፣ 'እማዬ ተጫኚ' ትላለህ፣ ትወጣለህ። ስንት ቀን ሙሉ የማየው ጀርባህን ነው። 'ልጄ' ስልህ 'ቆይ' አልከኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰውን ከሰው አገናኝቼ አንተ እኔን ከዕቃ ጋር አገናኘኸኝ! እኔ ሰው እጠራለሁ፤ የሚመጣልኝ መብራት ነው። መብራት ነው የጠራሁት? ካልሠራ ደግሞ እየሮጥክ ትመጣለህ። ታዲያ ለምን ብዬ ልንገርህ?"

የመጨረሻውን ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ ፊታቸውንም ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ፊውዝ ለማምለጥ ያህል ወደ ስክሪኑ ዞረና የኮምፒውተሩን ማስተካከያ ከፈተ። ከኃይል ቁጠባ በታች ቁልጭ ብሎ ተጽፏል፤ ለተወሰነ ደቂቃ ማንም ካልነካው ይተኛ። ዴስክቶፕ የሚሠራው ሰው ፊቱ እንዲቀመጥ ታስቦ ነው፤ ሰው ከሌለ ለማን ብሎ ነቅቶ ይጠብቅ? ፊውዝ በሞከረው ቁጥር እዚያው ወንበሩ ላይ ነበር። ማውሱን እየነካ፣ የይለፍ ቃል እየጻፈ፣ ተኝቶ የነበረውን ራሱ እየቀሰቀሰ "ይኸው ሠራ" ሲል ነበር። አሳንሰሩ የሄደው እሱ ስለተሳፈረበት ነው። ንዴቱ በኩባንያው ላይ፣ በመድረኩ ላይ ባለው ሰውዬ ላይ፣ በእህቱ ላይ ሲዞር ቆይቶ አሁን ባለቤቱ ጋ፣ ራሱ ጋ ደረሰ። በቅባት እጁ ግንባሩን መታው፤ ጥቁር አሻራው እዚያው ቀረ።

"ላስተካክለው?" አለ፣ አንገቱን ብቻ ወደ ኋላ ጠምዝዞ።

"አስተካክለው እንጂ! ሞኝ መሰልኩህ?" አሉ እናቱ። "ውሃ ሲጠማኝ ከዚህ ልፈጥፈጥልህ?"

"ይተኛ" የሚለውን "በጭራሽ አይተኛ" በሚለው ቀየረው። ከዚያ እህቱን አያት። የሌሊት ልብሱን እንደታቀፈች ቆማለች።

"እትዬ፣ እኔ..."

"እሱን በኋላ ትለኛለህ፤ ትለኛለህም" አለች። "አሁን ውጣ። ውጣና ራቅ ብለህ ቁም። የሚተኛበት ሰዓት ይለፍ።"

ፊውዝ ወጣ። ደረጃውን ወርዶ የሕንፃው መግቢያ ላይ ቆመ። የጠገነው ነገር ሌላ ሰው ተሳፍሮበት እሱ ውጭ ሲጠብቅ የመጀመሪያው ነው። ከልብስ ሰፊዋ ክፍል የስፌት መኪናዋ ድምፅ ይሰማል። ስልኩን በእጁ ይዞ አፈጠጠበት። ላይ የኮምፒውተሩ ስክሪን አሁን ጠፍቷል። እንደ ቀድሞው ቢሆን ኖሮ አሁን ይተኛ ነበር። ለምንድነው የማይገፉት? ሊወጣ አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አነሳ፤ መለሰው። የሚጠብቅ ሰው አይደለም፣ መጠበቅ አያውቅም፤ በዚህች ቅጽበት እናቱ ወለሉ ላይ ሆነው ምን ያህል እንደጠበቁት ትዝ አለው። በራሱ ላይ የሚያወርደውን ስድብ ሁሉ ጨረሰ።

ደወሉ ጮኸ። የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጥ አለ፣ መቀስ ወለል ላይ ወደቀ፣ ልብስ ሰፊዋም "መጣሁ እማማ!" እያለች በአጠገቡ አልፋ ወደ ላይ ሮጠች። ስልኩ እጁ ላይ ተንቀጠቀጠ። አነሳው። በስልኩ ውስጥ የሻንጣ ዚፕ ሲከፈት፣ ቀጥሎም የቁም ሣጥኑ በር ሲንቋረር ሰማ፤ እህቱ ልብሱን እየመለሰች ነው።

"ሠርቷል" አሉ እናቱ።

"እሺ እማዬ።"

"እሺ አትበለኝ። ና። ያንን ወንበር ደግሞ ወደ እኔ አዙረህ ተቀመጥ።"

ፊውዝ ስልኩን ሳይዘጋ ደረጃውን ወጣ።